አርጂኒን የተነፈጉት የካንሰር ሴሎች ለምን አልሞቱም?

ወንድሜ፣ «ኤኤስኤስ1 የሌላቸውን የካንሰር ሴሎች አርጂኒን ነፈግኳቸው፤ አልሞቱም፤ መላምቴ ስህተት ይሆን?» ብለህ ጠይቀሃል። ኤኤስኤስ1 ሴል አርጂኒን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ራሱ እንዲሠራ የሚያስፈልገው ኤንዛይም ነው፤ ጂኑም በዚሁ ስም ይጠራል። እሱ የሌለው ሴል አርጂኒን ከውጭ ካላገኘ ይሞታል የሚለው መላምትህ ደህና ነው። ይህ ጉዳይ እኔን 8 ወር በልቶኛል፤ ስለዚህ ስማኝ።

1. ሴረሙን ጠርጥር። አርጂኒን የሌለው ሚዲየም (የሴሎቹን መመገቢያ ፈሳሽ) ገዝተህ 10 በመቶ ተራ የጥጃ ሴረም (የደም ፈሳሹን ክፍል) ጨመርክበት፣ አይደል? እኔም እንደዛው ነበርኩ። ተራ ሴረም የራሱ አርጂኒን አለው። በፊት በር ያባረርከውን በጓሮ አስገባኸው። ትንንሽ ሞለኪውሎቹ የወጡለትን፣ ዳያላይዝድ የሚባለውን ተጠቀም። እኔ እሱን ለማስገዛት ያየሁት አበሳ! የግዢ ክፍሉ ሰውዬ «ሴረም ሴረም ነው፤ ፍሪጁ ሙሉ አይደል እንዴ?» እያለ ሦስት ጊዜ መለሰኝ። ግራፍ አትሜ ወሰድኩለት፤ ቀና ብሎ እንኳን አላየውም። አማካሪዬ ሲደውሉለት ግን ወዲያው ፈረመ።

2. ጂኑ የለም ያልከው በምን አረጋግጠህ ነው? የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ሚውቴሽን ፍለጋ የበጀቴን ግማሽ ለሲኩዌንሲንግ፣ ማለትም የጂኑን ፊደል ለማስነበብ፣ ከፈልኩ። ውጤቱ ንጹህ መጣ። «እንግዲያው ኤንዛይሙ አለ» ብዬ ትክክለኛዎቹን ሴሎች ጣልኳቸው! ለካ ኤኤስኤስ1 ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በሚውቴሽን ሳይሆን በሜቲሌሽን ነው። የጂኑ ፊደል አይነካም፤ መነሻው ላይ ሜቲል ተለጥፎበት ዝም ይላል። ፕሮቲን መኖር አለመኖሩን በሚያሳየው ምርመራ፣ በዌስተርን ብሎት፣ ፕሮቲኑን ባየው ሁለት ቀን ይበቃኝ ነበር። ደግነቱ አንድ ብልቃጥ በረዶ ውስጥ ቀርቶልኝ ነበር።

3. ሲትሩሊን ጨምር። ኤኤስኤስ1 ያለው ሴል ከሲትሩሊን አርጂኒን ሠርቶ ይተርፋል፤ የሌለው አይችልም። ፈታኜ «በረሃብ ብቻ እንዳልሞቱ በምን አወቅህ?» ብለው ሲያፋጥጡኝ ይህችን ግራፍ አወጣሁ፤ ሌላ ጥያቄ አልመጣም። ፔግአርጊሚኔዝ የተባለው መድኃኒትም የሚሠራው በዚሁ ነው። የደምን አርጂኒን ወደ ሲትሩሊን ይለውጣል፤ ጤነኛው ሴል መልሶ ይጠቀምበታል፣ ዕጢው ይራባል። በሜሶቴሊዮማ (በሳንባ ሽፋን ካንሰር) ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ ሕሙማኑ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ ሚዲያን (መካከለኛ) ከ7.7 ወር ወደ 9.3 ወር ከፍ ብሏል። ትንሽ ናት፤ ግን መላምቱ ሰው ላይም እንደሚይዝ ታሳያለች።

አማካሪህ «እንደ አይዲኤች1 ነው» ማለታቸውን ጽፈሃል። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አይመስለኝም። አይዲኤች1 በአንዳንድ ካንሰሮች ሚውቴሽን የሚገኝበት ሌላ ኤንዛይም ነው፤ እዚያ ሚውቴሽኑ ኤንዛይሙን አዲስ ሥራ ያስይዘዋል፤ 2-ሃይድሮክሲግሉታሬት የሚባል ካንሰሩን የሚያግዝ ውህድ ያመርታል። በ2018 ለአኩት ማየሎይድ ሉኪሚያ (ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር) የተፈቀደው አይቮሲደኒብ የተባለ መድኃኒት ያንኑ ኤንዛይም ይገታል። ያንተ ሴሎች ላይ ግን የሚገታ ነገር የለም፤ የምታጠቃው ጉድለታቸውን ነው።

ሳምንታት ቆይተው የተረፉ ካሉ አትጣላቸው። ዌስተርን ብሎት አድርግላቸው፤ ጂኑን መልሰው ከፍተውት ሊሆን ይችላል። የእኔዎቹ ከፍተውት ነበር፤ ከመመረቂያ ጽሑፌ ምርጡ ምዕራፍ እሱ ሆነ።

ለማንኛውም የሴረምህን ጠርሙስ ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን።