በድጋፍ ሰልፉ ቀን ባጃጄ ተሰበረች፣ ወንድሜም ታሰረ፤ ማንን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ የጎንደር አዘዞ ነዋሪ ነኝ። ቤቴን የማስተዳድረው በአንዲት ባጃጅ ነው፤ የሚያሽከረክራት ታናሽ ወንድሜ ነው። በየከተማው ለአገር መሪው የድጋፍ ሰልፍ ሲጠራ ባለ ባጃጆች «በባንዲራ አሸብርቃችሁ ውጡ፣ የቀረ ስምሪት አያገኝም» ተባልን። ፒያሳ ሲደርሱ ሰልፉን የሚቃወሙ ወጣቶች ከአንድ ቅያስ አፍ ላይ ቆመው ይጮሁ ነበር። ስድብ ተጀመረ፣ ከዚያ ድንጋይ። የፊት መስታወቱ ረገፈ፣ ሸራው ተቀደደ፣ የተሳፈረች ጎረቤታችን ግንባሯን ተመታች። ፖሊስ ወንድሜን ከሁለቱም ወገን ካፈሳቸው ጋር ወሰደው። በሦስተኛው ቀን ችሎት ቀርቦ ለፖሊስ 10 ቀን ተፈቀደ። ወንድሜ እንዴት ይወጣል? የንብረቴንስ ማን ይክሰኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ የታሰረ ይቀድማልና ከወንድምዎ እንነሳ።

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም፣ ግን ፒያሳ ለተያዘ ሰው «መንገድ ራቀን» የሚያስብል ነገር የለም። ስለዚህ «ሦስተኛ ቀን» ብለው አይተዉት፤ የተያዘበትን ሰዓትና ችሎት የቆመበትን ሰዓት ጽፈው ይያዙ። የ10 ቀኑ ቀጠሮ ራሱ ግን ሕገ ወጥ አይደለም፤ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን ይፈቅዳል። ትልቁ ነገር በሚቀጥለው ችሎት የሚጠየቀው ጥያቄ ነው፦ ፖሊስ በ10 ቀን ውስጥ የማንን ቃል ተቀበለ? ምን ማስረጃ ሰበሰበ? ምንም ካልሠራ ተጨማሪ ቀን የሚጠይቅበት ምክንያት ይሳሳል፣ ዋስትና የሚጠየቀውም ያኔ ነው። ዋስትና ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል። እስከዚያ ወንድምዎ ዝም የማለት መብት አለው፤ ያላነበበው የምርመራ ቃል ላይም አይፈርም።

ሰልፍ ውስጥ መገኘት በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ለመደገፍም ይሁን ለመቃወም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሰላማዊነትና መሣሪያ አለመያዝ። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል። ሰው ሁሉ «ፈቃድ» ይለዋል፣ ሕጉ ግን ማሳወቅ ነው የሚለው፤ ግዴታውም የአዘጋጁ እንጂ ባጃጅ የሚያሽከረክር ልጅ አይደለም። (ይኸው አዋጅ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ በ100 ሜትር ውስጥ መሰለፍን ይከለክላል። በአርባ አራቱ ታቦት አገር ሜትር ይዞ የሚዞር ሰው ቢገኝ ስንት መንገድ እንደሚተርፈን አላውቅም።) ይህ ሁሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሌለበት ነው፤ በሐምሌ 2015 መጨረሻ ክልላችን ላይ እንደታወጀው ዓይነት ሲኖር የመሰለፍ መብት ሊታገድ ይችላል።

አሁን ወደ ባጃጇ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ድንጋዩን ማን እንደወረወረው አላየሁም» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2142 የተጻፈው ግን ለእንደዚህ ያለ ጉዳይ ነው፦ ጉዳቱን ያደረሰው ከተወሰኑ ሰዎች አንዱ መሆኑ ተረጋግጦ የትኛው እንደሆነ መለየት ካልተቻለ፣ ዳኛው ርትዕ (ሚዛናዊ ፍትሕ) ሲያስገድደው ሁሉም በአንድነት እንዲክሱ ሊያዝ ይችላል። ቁልፉ «ከእነዚህ ውጭ ሊሆን አይችልም» የሚለው ነው። ፒያሳን የሞላውን ሕዝብ መክሰስ አይቻልም፤ ቅያሱ አፍ ላይ የቆሙትን ስድስት ሰባት ልጆች ግን ይቻላል። ስለዚህ ሥራዎ ክቡን ማጥበብ ነው። ከማዶ ቡና የምታፈላ ሴት አለች? ሱቅ በር ላይ ካሜራ አለ? በስልክ የቀረጸ አለ? ቪዲዮው እየተቀባበለ ጥራቱን ሳያጣ ከቀረጸው ሰው ስልክ ላይ እንዲቆይ ያድርጉ፤ ሰውዬውም ምስክር ይሁን።

አንድ ደንበኛዬ የረገፈ መስታወት በፌስታል ይዞልኝ መጥቶ ያውቃል። መስታወቱ መሰበሩን ማንም አልካደ፤ ዳኛው የፈለጉት ስም ነበር፣ እሱ ደግሞ ፌስታል ብቻ ነበረው። እርስዎ ባጃጇን ሳያስጠግኑ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ፣ ከሁለት ጋራዥ ፕሮፎርማ ይውሰዱ፣ የቆመችባቸውን ቀናት የዕለት ገቢ ማስረጃ ይያዙ። ጎረቤትዎ የሐኪም ማስረጃ ታውጣ፤ ክሱ የራሷ ነው።

ሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ከሆነ ያለዎት የራስዎን መስታወት አይከፍልም። ሙሉ ሽፋንም ቢሆን ሁከትን ብዙ ጊዜ ስለሚያስቀር ውሉን ያንብቡ።

«የቀረ ስምሪት አያገኝም» ያሏችሁን መክሰስ ያምርዎት ይሆናል። የመሰለፍ መብት ያለመሰለፍንም ይጨምራል ብዬ ችሎት ፊት እከራከራለሁ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126ም በሥራ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት መንግሥትን ለመጠየቅ በር ይከፍታል። ነገር ግን ድንጋዩን የወረወረው ሌላ ነው፤ ትእዛዙ የጉዳቱ ምክንያት ነበር ማለት ቀላል አይሆንም። በደብዳቤ ወይም በቴሌግራም መልእክት የተላለፈ ከሆነ ያስቀምጡት፣ በቃል ብቻ ከሆነ ግን ጠበቃ የሚያስከፍልዎትን ገንዘብ አያባክኑበት።

ቀኖቹን አይርሱ። ንብረት ማበላሸት በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ከሆነ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል። የካሳው ክስ 2 ዓመት አለው። ዐቃቤ ሕግ ልጆቹን ከከሰሰ ደግሞ ካሳውን እዚያው የወንጀል መዝገብ ላይ እንዲታይ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መጠየቅ ይችላሉ፤ ለፍትሐ ብሔሩ ክስ የሚከፍሉትን የዳኝነት ገንዘብ ያተርፍልዎታል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ የምርመራ መዝገብ ቁጥሩን ሳይዙ አይመለሱ።