ከሶኒ ፒክቸርስ የመረጃ ዝርፊያ በኋላ የሆነው፦ ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከልቨር ሲቲ የሚገኘው ሶኒ ፒክቸርስ የተባለው የፊልም ኩባንያ በ2014 ስለደረሰበት የመረጃ ዝርፊያ ባለፈው ሳምንት ጥቂት ብናገር፣ ከጠበቅሁት በላይ ብዙ ጥያቄ ቀረበልኝ። የኮምፒውተር ሥርዓቶችን ደኅንነት በመጠበቅ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆየሁ፣ ይህንንም ጉዳይ ከጅምሩ የተከታተልሁ በመሆኔ ጥያቄዎቹን ተራ በተራ እመልሳለሁ። ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጉዳዩን በስም እንጂ በዝርዝር አላውቀውም። ያን ዕለት ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቢነግሩን?

መልስ፦ ዕለቱ ሰኞ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2014፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ኅዳር 15 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። ሠራተኞቹ እንደ ወትሮው ጠዋት ገብተው ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ቀይ የአፅም ምስል ስክሪኑን ሞልቶት አገኙት። ራሳቸውን «የሰላም ጠባቂዎች» ብለው የሰየሙ ሰዎች የኩባንያውን የውስጥ መረጃ ሁሉ እንደወሰዱና የጠየቁት ካልተፈጸመላቸው ለዓለም እንደሚበትኑት የሚገልጽ መልእክት አብሮት ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ገንዘብ የሚጠይቅ የማስፈራሪያ ኢሜይል ለኃላፊዎቹ ደርሶ የነበረ ቢሆንም፣ በየዕለቱ ከሚጎርፈው መልእክት መሀል ትኩረት ያገኘ አይመስልም።

ይህን ጥቃት ከተራ ስርቆት የሚለየው ጠላፊዎቹ መረጃውን ቀድተው ብቻ አለመሄዳቸው ነው፤ ዘርፈው ሲያበቁ ቤቱን አቃጠሉት። የለቀቁት አጥፊ ሶፍትዌር በሀርድ ዲስኮቹ ላይ ያለውን መረጃ ተመልሶ እንዳይገኝ አድርጎ ደመሰሰው። ፎርቹን መጽሔት በኋላ እንደዘገበው፣ ከ6,797 የግል ኮምፒውተሮች 3,262ቱ፣ ከ1,555 ሰርቨሮች (ለመላው ድርጅት የሚያገለግሉ ዋና ኮምፒውተሮች) ደግሞ 837ቱ ተደምስሰዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኩባንያው እንዴት ሥራውን ቀጠለ?

መልስ፦ በወረቀትና በእስክሪብቶ። ኔትወርኩ ሙሉ በሙሉ ስለተዘጋ ኢሜይልም ሆነ የጋራ ፋይል የሚባል ነገር አልነበረም። ከዕቃ ግምጃ ቤት የተጣሉ አሮጌ ብላክቤሪ ስልኮች ተፈልገው ለኃላፊዎች ታደሉ፤ የደመወዝ ቼክም ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ በተቀመጠ አሮጌ ማሽን በእጅ እየታተመ ተከፈለ። በቢሊዮን ዶላር የሚንቀሳቀስ ድርጅት በአንድ ጠዋት ሃያና ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው። ያም ሆኖ ደመወዝ መክፈልን ማስቀደማቸውን አደንቃለሁ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ተዋናዮቹና «ዘ ኢንተርቪው» ስለተባለው የሶኒ ፊልም ነው። ተራው ሠራተኛስ ምን ደረሰበት?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፤ ከሁሉ በላይ ሊነገር የሚገባው ይህ ሆኖ ሳለ ከሁሉ ያነሰ የተነገረውም ይኸው ነው። ሾልኮ በወጣው ፋይል ውስጥ ወደ 47,000 የሚሆኑ ሰዎች የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ማለትም በአሜሪካ ሰው ለሥራ፣ ለግብርና ለብድር የሚታወቅበት መለያ ቁጥር ተገኝቷል። ጥቂቶቹ ስማቸው የታወቀ ተዋንያን ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ሒሳብ ሠራተኞች፣ ጸሐፊዎች፣ የቀረጻ ባለሙያዎችና ኩባንያውን ለቀው ከሄዱ ዓመታት ያለፋቸው ሰዎች ነበሩ። ደመወዛቸው፣ የሥራ አፈጻጸም ግምገማቸው፣ የአንዳንዶቹም የራሳቸውና የልጆቻቸው የሕክምና ጉዳይ ሳይቀር አብሮ ወጣ። ዲሴምበር 5 ቀን ደግሞ ሠራተኞቹ ኩባንያቸውን የሚያወግዝ ጽሑፍ ላይ ስማቸውን እንዲያሰፍሩ፣ ካልሆነ ግን እነርሱ ብቻ ሳይሆኑ ቤተሰቦቻቸውም አደጋ ላይ እንደሚወድቁ የሚዝት ኢሜይል ደረሳቸው። የገና ሰሞን ነው እንግዲህ፤ ሰው ልጆቹን ይዞ ቤቱ በሚሰበሰብበት ወቅት።

ኩባንያው ለ12 ወራት የማንነት ስርቆት (በሌላ ሰው ስም የሚፈጸም ማጭበርበር) መከላከያ አገልግሎት ገዛላቸው። እኔ ይህን በቂ ነው ብዬ አላምንም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እንደ ባንክ ካርድ ተሰርዞ በቀላሉ የሚተካ አይደለም፤ ሰውየው እስኪሞት አብሮት የሚኖር ነው። ቁጥሩን የያዘ ሌባ አሥራ ሦስተኛው ወር እስኪገባ ቢታገሥ ምን ያግደዋል?

ቀድሞ በሠራሁበት፣ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት የደመወዝ ፋይል ተሰርቆ ያየሁት ነገር ከዓይኔ አይጠፋም። ሒሳብ ክፍል የምትሠራ ባልደረባዬ በፌብሩዋሪ የዓመት ግብሯን ልታስገባ ስትሞክር ሌላ ሰው በስሟ አስገብቶ ከግብሯ ሊመለስላት የነበረውን ገንዘብ ወስዶ ጠበቃት። የደረሳትን ደብዳቤ አራት ቦታ አጥፋ ይዛ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችውና «ታዲያ እኔ እኔ መሆኔን አሁን ለማን ነው የማስረዳው?» አለችኝ። ያን ገንዘብ ለልጇ የትምህርት ክፍያ አስባው ነበር፤ እጇ የገባው ግን ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለ 47,000 ሰዎች ሲነገር ስሰማ የማስበው እርሷን ነው።

ጥያቄ፦ ሠራተኞቹ ከስሰው አልነበረም? ካሳ አገኙ?

መልስ፦ ከስሰዋል። የቀድሞ ሠራተኞች ያቀረቡት የጋራ ክስ በ2015 መጨረሻ በስምምነት አልቆ በ2016 በፍርድ ቤት ጸደቀ። ስምምነቱ በድምሩ እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ሲሆን፣ ራስን ለመጠበቅ ለወጣ ወጪ ለአንድ ሰው ቢበዛ 1,000 ዶላር፣ በማንነት ስርቆት ለደረሰ ኪሳራ ደግሞ ቢበዛ 10,000 ዶላር እንዲተካ ይፈቅዳል፤ የመከላከያ አገልግሎቱም ተራዝሟል። ከጠቅላላው ወደ 3.5 ሚሊዮን የሚጠጋው ለጠበቆች የተመደበ ነበር። ለተጎጂዎቹ ኪሳራ ከተመደበው 2.5 ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር ጠበቆቹ የሚበልጠውን መውሰዳቸውን ልብ ይሏል።

ጥያቄ፦ የስቱዲዮዋ ኃላፊ ኤሚ ፓስካል ሥራዋን ያጣችው ሾልከው በወጡት ኢሜይሎቿ ምክንያት ነው?

መልስ፦ በፌብሩዋሪ 2015 ከኃላፊነት መነሣቷ ይፋ ሆነ፤ ኢሜይሎቹ ዋናው ምክንያት መሆናቸውን የሚጠራጠር የለም። ከፕሮዲዩሰሩ ስኮት ሩዲን ጋር ስለ ፕሬዚዳንት ኦባማ የፊልም ምርጫ ዘርን መሠረት ያደረገ ቀልድ ተለዋውጠው ስለነበር ሁለቱም በአደባባይ ይቅርታ ጠይቀዋል። የተባለውን ቃል በቃል አልደግመውም፤ ክብረ ነክ ነበር፣ ይቅርታውም ተገቢ ነበር።

ከዚያው ክምር ውስጥ ግን ሐሜት ያልሆነ ነገር ወጥቷል። «አሜሪካን ሃስል» በተባለው ፊልም ጄኒፈር ሎረንስና ኤሚ አዳምስ ከትርፉ 7 በመቶ ሲመደብላቸው፣ አብረዋቸው የተወኑት ወንዶች 9 በመቶ እንደተመደበላቸው ታወቀ። ሎረንስ በ2015 ስለዚህ ጉዳይ በራሷ ብዕር ጽፋለች፤ ተዋናይቷ ቻርሊዝ ቴሮንም ከወንድ አጋሯ እኩል እንዲከፈላት ተደራድራ ማስፈጸሟ ተዘግቧል። መልካም ነገር በክፉ በር ገባ ማለት ይቻላል፤ ይህ ግን በሩን የሰበሩትን አያጸድቃቸውም።

ጥያቄ፦ ሶኒዎች «ዘ ኢንተርቪው»ን ከማሳየት መቅረታቸው ፍርሃት አይደለም? እኔ ብሆን አልሰርዘውም ነበር።

መልስ፦ ሩቅ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው። «ዘ ኢንተርቪው» የሰሜን ኮሪያን መሪ ስለ መግደል የተሠራ አስቂኝ ፊልም ሲሆን፣ የሰሜን ኮሪያ መንግሥት ገና በጁን 2014 የጦርነት ድርጊት ነው ብሎ ተቃውሞት ነበር። ዲሴምበር 16 ቀን ጠላፊዎቹ የሴፕቴምበር 11ን ጥቃት እየጠቀሱ ፊልሙ በሚታይባቸው ሲኒማ ቤቶች ላይ ዛቱ፤ ትልልቆቹ የሲኒማ ቤት ኩባንያዎችም አናሳይም አሉ። ሶኒ በማግሥቱ የገና ዕለት ምረቃውን ሰረዘ። የሚያሳይለት አዳራሽ ያጣ ኩባንያ በምን ያሳያል? በዚያ ላይ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት የቤተሰብ ሕይወት በኃላፊነቱ ሥር ሆኖ «ቢሆንስ?» እያለ ሲያስብ ፈሪ ልለው አልደፍርም።

ዲሴምበር 19 ፕሬዚዳንት ኦባማ ኩባንያው መሳሳቱን በአደባባይ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ውሳኔው ተቀልብሶ ፊልሙ ዲሴምበር 24 በዩቲዩብ፣ በጉግል ፕሌይና በሌሎችም በኢንተርኔት፣ በገና ዕለት ደግሞ ከ300 በሚበልጡ፣ አብዛኞቹ አነስተኛ በሆኑ ሲኒማ ቤቶች ታየ። በአራት ቀን ውስጥ ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ በኢንተርኔት ብቻ ገባለት፤ 44 ሚሊዮን ዶላር ለወጣበት ፊልም ግን ኪሳራውን የሚሸፍን አልነበረም።

ጥያቄ፦ እውነት ጥቃቱን የፈጸመችው ሰሜን ኮሪያ ናት? በወቅቱ የውስጥ ሰው ነው የሚሉ ባለሙያዎች ነበሩ።

መልስ፦ ነበሩ፤ እኔም ራሴ መጀመሪያ ላይ ተጠራጥሬ ነበር። አንድ መንግሥት ገንዘብ ጠይቆ ይጀምራል ወይ የሚለው ጥያቄ ያኔ ክብደት ነበረው። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ዲሴምበር 19 ሰሜን ኮሪያን ሲወነጅል ያቀረበው ማስረጃ ጥቂት ነበር፤ በጃንዋሪ 2015 ግን ዳይሬክተሩ ጄምስ ኮሚ ጠላፊዎቹ አልፎ አልፎ አድራሻቸውን መደበቅ ረስተው ሰሜን ኮሪያውያን ብቻ ከሚጠቀሙበት የኢንተርኔት አድራሻ መግባታቸውን ገለጹ። ኦባማም በዚያው ወር በሦስት ተቋማትና በአሥር ግለሰቦች ላይ ማዕቀብ ጣሉ።

ጥርጣሬዬን የገፈፈው በሴፕቴምበር 2018 ይፋ የሆነው የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የክስ ሰነድ ነው። ሰነዱ ፓርክ ጂን ህዮክ የተባለውን ሰሜን ኮሪያዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ሲከስ፣ በሶኒ ጥቃት ላይ የዋሉት የኢሜይል አድራሻዎች፣ ኮምፒውተሮችና የሶፍትዌር ቁርጥራጮች በ2016 ከባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ 81 ሚሊዮን ዶላር ከተዘረፈበትና በ2017 ዓለምን ካዳረሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ከሚጠይቀው የዋናክራይ ጥቃት ጋር እንዴት እንደሚያያዙ ክር በክር ያሳያል። ሠራተኛን አታልለው ለጠላፊ በር የሚያስከፍቱት የማጥመጃ ኢሜይሎች አሠራርም እዚያው ተገልጿል። በ2021 ሁለት ሰዎች ተጨምረው ተከሰዋል። ሰሜን ኮሪያ እስከ መጨረሻው ክዳለች።

ጥያቄ፦ ሶኒዎች የይለፍ ቃላቸውን «ፓስዎርድ» በሚል ፎልደር ውስጥ አስቀምጠው ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በወጣው ፋይል ውስጥ በዚያ ስም የተቀመጠ፣ የይለፍ ቃል የተጻፈባቸውን በርካታ ሰነዶች የያዘ ፎልደር ተገኝቷል። በ2011 የእናት ኩባንያው የቪዲዮ ጨዋታ አገልግሎት፣ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ፣ ተጠልፎ የ77 ሚሊዮን አካውንቶች መረጃ ከተወሰደ በኋላ እንዲህ ያለ ቸልተኝነት መገኘቱ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ምስጢራዊ ሰነዶችን የሚያወጣው ድረ ገጽ ዊኪሊክስ የሶኒን ኢሜይሎች ለሁሉም ክፍት አድርጓቸዋል። ማንበብ ነውር ነው?

መልስ፦ በኤፕሪል 2015 ከ173,000 በላይ ኢሜይሎችንና ከ30,000 በላይ ሰነዶችን በስም እየተፈለጉ እንዲገኙ አድርጎ ለጥፏቸዋል። ከዚያ በፊት ጠላፊዎቹ የበተኑትን ለማግኘት ትንሽ ድካም ይጠይቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የየትኛውም የቀድሞ ሠራተኛ ጎረቤት ስሙን ጽፎ ማየት ይችላል። የኩባንያው ጠበቃ ዴቪድ ቦይስ በዲሴምበር 2014 ጋዜጦች የያዙትን እንዲያጠፉ ጽፎ ነበር፤ የሰማው ብዙ አልነበረም።

ጋዜጠኛ የክፍያ አድልዎን የመሰለ ለሕዝብ የሚጠቅም ነገር ሲያገኝ መዘገቡን አልነቅፍም። የአንዲት ጸሐፊ የእርግዝና ችግር ወይም የአንድ አባት ስለ ታመመ ልጁ ለኢንሹራንስ የጻፈው ደብዳቤ ግን የሕዝብ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ እርስዎ ለጠየቁኝ መልሴ አዎ ነው፤ ለማየት ጓጉቶ ብቻ የሰውን ጓዳ መክፈት ነውር ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የእኔም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከአንድ መሥሪያ ቤት እንደወጣ በደብዳቤ ተነግሮኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተሰጠዎትን የነጻ ክትትል ይቀበሉ፤ በእርሱ ብቻ ግን አይተማመኑ። የሰውን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ለተባሉት ለሦስቱም ተቋማት ለየብቻ አመልክተው ክሬዲትዎን ፍሪዝ ያስደርጉ፣ ማለትም በስምዎ አዲስ ብድር እንዳይከፈት ያሳግዱ፤ ከ2018 ጀምሮ በሕግ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው፣ ብድር ሲፈልጉም ራስዎ ያስነሡታል። ከዚያም ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ የማንነት መጠበቂያ ፒን (ምስጢራዊ ቁጥር) ያውጡ፤ ያለዚያ ፒን ማንም በስምዎ ግብር በኢንተርኔት ማስገባት አይችልም። ባልደረባዬ ይህን ቀድማ ብታውቅ ኖሮ ያ ደብዳቤ አይደርሳትም ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትንሽ የፊልም ስቱዲዮ ኤዲተር ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር የእኛን ቤት የሚመለከት አይመስለኝም ነበር፤ ሳነብ ግን ደነገጥሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፤ የሶኒን ያህል ገንዘብ አያስፈልግህም። ያልተመረቀውን ፊልምና የተዋናዮቹን ውል አንድ ቦታ አታስቀምጥ፤ ውሉና የባንክ ቁጥሩ ከኤዲቲንግ ኮምፒውተሩ ይውጣ። የሥራችሁ ሁሉ ቅጂ ያለበት ሀርድ ዲስክ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ደግሞ፣ ኮምፒውተሩን የሚያጠፋ ሶፍትዌር እርሱንም አብሮ ያጠፋዋል። ስለዚህ ቀድታችሁ ስትጨርሱ ገመዱን ነቅላችሁ በሌላ ክፍል ቆልፉበት፤ በወር አንዴም በሌላ ኮምፒውተር ከፍታችሁ በትክክል መሥራቱን እዩ።