“አናቱ ላይ እንገናኝ” አትበሉ

በዚህ ሳምንት ስለ ተራራ ጉዞ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በጫማ ጀምረው በጓደኛ ወቀሳ ያበቃሉ። ከወቀሳው እጀምራለሁ።

ጥያቄ፦ የጉዞ ጓደኛዬ ፈጣን ነው። ጥሎኝ ይሄድና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ ስደርስበት ይነሳል። ቀድሞኝ ወጥቶ አናቱ ላይ ብንገናኝ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። እስቲ የዕረፍቱን ሒሳብ ይዩት፤ እሱ አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ላቡን አድርቋል፣ እርስዎ ደርሰው የውኃ መያዣዎን ሳይከፍቱ ቦርሳውን አንግቷል። የደከመው ሳያርፍ ያልደከመው ያርፋል። መድኃኒቱ ቀርፋፋው ከፊት መሄዱ ነው፤ እርስዎ ይምሩ፣ እሱ ይከተል። እየተራመዳችሁ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻላችሁ ፍጥነቱ ልክ ነው። ጉልበት ከተረፈው የእርስዎንም ውኃ ይሸከም። ጉም ሲወርድ ጥቂት እርምጃ የራቀ ሰው እንኳ ይሰወራልና ከዓይን መራቅ የለም። (ፈጣኑ ሰው ይህን ሲያነብ ቅር ይለው ይሆናል። ይበለው።)

ጥያቄ፦ መንገዱ ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 900 ሜትር ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ብንነሳ ይመሽብናል?

መልስ፦ ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል። በሜትር ሲመነዘር በየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በየ600 ሜትሩ አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት ማለት ነው። የእናንተ አራት ሰዓት ገደማ ይመጣል። ዕረፍቱን፣ ፎቶ ማንሳቱንና የጠፋ ጓንት ፍለጋውን ስትጨምሩ ስድስት በሉት። ላይመሽባችሁ ይችላል፤ ነገር ግን በብዙ ተራሮች ላይ ነጎድጓድ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አንድ ሰዓት ላይ ተነሱ።

የመመለሻውንም ሰዓት ገና ከግርጌው ተስማሙ። እኔና ጓደኛዬ አንድ ጊዜ፣ የትም ብንደርስ ሰባት ሰዓት ላይ ልንመለስ ተስማምተን ወጣን። ሰባት ሲሆን አናቱ ፊት ለፊታችን ነበር፤ “ሃያ ደቂቃ ብቻ” አልኩት። ስንደርስ አናት ያልነው ጉብታ ሆነና ዋናው ከኋላው ብቅ አለ። ያንንም ወጣነው። ስንወርድ መሸ፤ ለሁለት ሰው አንድ የእጅ ባትሪ። እሱ ከፊት ያበራል፣ እኔ በጥላው ውስጥ እደናበራለሁ። አንድም ቃል አልወቀሰኝም፤ በየድንጋዩ ብርሃኑን ወደ ኋላ እያዞረ እግሬን ያይልኝ ነበር። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ጥያቄ፦ 3,200 ሜትር ላይ ራሴን አመመኝ፤ ልቀጥል?

መልስ፦ ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ወይም ከድካም ጋር ከመጣ የከፍታ ሕመም ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላይ አይውጡ፤ ካልተሻለዎ ይውረዱ። ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተዎ ወይም ንግግርዎ ከተምታታ ግን ወዲያውኑ ነው መውረድ፣ ያውም ከጓደኛዎ ጋር።

ጥያቄ፦ የጥጥ ሸሚዝ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ላብ ይዞ ቶሎ አይደርቅም፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ በወጣሁ ቁጥር የአውራ ጣቴ ጥፍር ይጠቁራል። ጫማዬ ጠቦኝ ይሆን?

መልስ፦ አቀበቱ ላይ ካልቆረጠምዎ ጥፋቱ የቁልቁለቱ ሳይሆን አይቀርም፤ እግርዎ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጣትዎ ከጫማው ጫፍ ጋር ይጋጫል። ጥፍርዎን ከጉዞው በፊት ይቁረጡ። አናቱ ላይ ሲቀመጡ ማሰሪያውን ፈትተው ተረከዝዎን ወደ ኋላ ይግፉ፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ አጥብቀው ይሰሩ።