አዳር ወጥተው ማመልከቻ አይሙሉ

በዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ከነርሶች የተላኩ ሦስቱን ለይቼ በአንድነት አቅርቤያቸዋለሁ። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ ሦስቱም የሚጠይቁት ግን በሥራ ቦታ የገጠማቸውን ችግር ትምህርት ቤት በመግባት መፍታት ይችሉ እንደሆነ ነው። ለረጅም ዓመታት በዋርድ፣ ኋላም በነርስ መምህርነት የሠራሁ በመሆኔ ይህን ጥያቄ ከተማሪዎቼም ከባልደረቦቼም አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜም ራሴን ጠይቄዋለሁ።

ጥያቄ

«ከተመረቅሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሦስቱንም ዓመት የሠራሁት በውስጥ ደዌ ክፍል ነው። በአዳር ተራ ሁለት ነርሶች ሆነን 28 ሕሙማን እንይዛለን። ከሥራው ብዛት ይልቅ የከበደኝ ግን የጠዋቱ ርክክብ ነው። አንዲት ነባር ነርስ ሌሊት የጻፍሁትን በሁሉም ፊት ጮክ ብላ እያነበበች ‹ዲግሪ ማለት ይኼ ነው?› ትላለች፤ የቀሩት ይስቃሉ። አሁን አሁን የሆስፒታሉን በር ሳየው ልቤ መምታት ይጀምራል። ባለፈው ሳምንት አዳር ወጥቼ ቤቴ እንደገባሁ፣ ሳልተኛ፣ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ለመጀመር ማመልከቻ ሞልቻለሁ። የቀረኝ የመመዝገቢያውን ክፍያ መፈጸም ብቻ ነው። ሙያዬን መተዌ ስህተት ይሆን?»

አዳር የሰለቻት

መልስ

ከደብዳቤዎ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብሁት «ሳልተኛ» የምትለዋን ቃል ነው። 17 ሰዓት ያህል ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ንቃቱና ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ አዳር ወጥቶ ቤቱ የገባ ነርስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በላይ ነቅቷል። በዚያ ሰዓት የመድኃኒት መጠን እንዲያሰሉ ቢጠየቁ ፈቃደኛ እንደማይሆኑ ሁሉ፣ የቀሪ ዕድሜዎን ሥራ የሚወስን ወረቀትም መሙላት አልነበረብዎትም። ስለዚህ ክፍያውን ያቆዩት። ሁለት ሌሊት በተከታታይ ከተኙ በኋላ ማመልከቻውን እንደገና ያንብቡት፤ ያን ጊዜም ልብዎ ወደዚያው ካዘነበለ በቁም ነገር እንነጋገርበታለን።

ደብዳቤዎ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ገመድ አስሯል፤ የሥራውን ብዛት፣ የነባሯን ነርስ ንግግርና ነርስነትን ራሱን። የሥራውን ብዛት በተመለከተ አንድ ነርስ ለ14 ሕሙማን ከባድ መሆኑን ለመናገር ምስክር መጥራት አያስፈልግም፤ ድካሙን እንደ ግል ድክመትዎ አይቁጠሩት። በተጨማሪም ጀማሪ ነርሶች በትምህርት ቤት የተማሩትና በዋርድ የሚያዩት አልጣጣም ሲላቸው የሚደርስባቸውን ድንጋጤ ማርሊን ክራመር የተባለችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 በሰፊው ጽፋበታለች። ሌላዋ የነርስነት ተመራማሪ ፓትሪሺያ ቤነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 የነርሶችን ዕድገት በአምስት ደረጃዎች ከፍላ፣ ሦስተኛው፣ ማለትም ነርሷ ሥራዋን አቅዳና ቅደም ተከተል ሰጥታ መምራት የምትጀምርበት ደረጃ፣ በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ሁለትና ሦስት ዓመት ከቆዩ በኋላ የሚመጣ መሆኑን አሳይታለች። እርስዎ ማመልከቻ የሞሉት እንግዲህ አዝመራው ሊያሸት ሲል ነው።

ወደ ርክክቡ ልመለስ፣ ምክንያቱም የሚያባርርዎት እሱ ይመስለኛል። በሰው ፊት ማዋረድ ማስተማር አይደለም። እኔም በጀማሪነቴ አንዲት ኃላፊ ያነጠፍሁትን አልጋ በጎብኚዎች ፊት አስፈትታ አስደግማኛለች፤ ዛሬም አንሶላ ባነጠፍሁ ቁጥር ትዝ ትለኛለች፤ ለምስጋና ግን አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው 190ኛው ስምምነት በሥራ ቦታ የሚፈጸም ተቀባይነት የሌለው ድርጊት አንድ ጊዜም ይፈጸም ተደጋግሞ፣ ሥነ ልቦናዊ ጉዳት የሚያስከትል እስከሆነ ድረስ ትንኮሳ መሆኑን ይገልጻል። «የቆየ ባህላችን ነው፤ ሁላችንም አልፈንበታል» የሚለው መከራከሪያ እንግዲህ አያስኬድም።

ክስ ከመጀመርዎ በፊት ግን ነባሯን ነርስ ለብቻዋ ያነጋግሯት። ቦታው የመድኃኒት ክፍሉ ወይም ሌላ በር የሚዘጋበት ክፍል ይሁን፤ ሰዓቱም ከርክክቡ ወዲያው በኋላ ሳይሆን ሁለታችሁም ያልደከማችሁበት ይሁን። ንግግሩ አጭር ሊሆን ይገባዋል፤ ለምሳሌ «ሲስተር፣ ስህተት ሲያገኙብኝ እንዲነግሩኝ እፈልጋለሁ። ለብቻዬ ቢነግሩኝ አርመዋለሁ፤ በሰው ፊት ሲያነቡት ግን የምሰማው ሳቁን ብቻ ነው» ማለት ይበቃል። ይህን ካሉ በኋላ ዝም ይበሉ፤ ብዙ ሰው ንግግሩን የሚያበላሸው ዝምታውን ፈርቶ ይቅርታ መጠየቅ ሲጀምር ነው። ድርጊቱ ከቀጠለ ቀኑን፣ የተባለውን ቃልና በቦታው የነበሩትን ሰዎች በማስታወሻ ይያዙና ለክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ ያቅርቡ። «ትንቀኛለች» የሚል አቤቱታ ለማስተባበል ቀላል ነው፤ በሦስት ቀናት የተባሉ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ግን መልስ ይጠይቃሉ።

አንድ የማይወደድ ነገርም ልጨምር። ነባሯ ነርስ በአቀራረቧ ብትበድልም በይዘቱ ትክክል ልትሆን ትችላለችና፣ የጻፉትን ራስዎ አንድ ጊዜ በተረጋጋ መንፈስ ያንብቡት። «ታማሚው ሰላም አድሯል» የሚል ማስታወሻ ለተረካቢው ምንም አይነግረውም። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት የደም ግፊቱ 90 በ60 ሆኖ ተገኝቷል፤ ለተረኛው ሐኪም ተነግሮ ፈሳሽ ታዞለታል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ 110 በ70 ደርሷል፤ ሽንቱ ጠዋት ይለካ» የሚል ግን ማንም ጮክ ብሎ ቢያነበው አያስቅም። ለርክክብ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ባለ አራት ክፍል አቀራረብ አለ፤ አሁን ያለበት ሁኔታ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ታሪክ፣ የእርስዎ ግምገማ፣ በመጨረሻም እንዲደረግ የሚፈልጉት። መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው፤ ወደ ሕክምና የመጣው በኋላ ነው። በተለይ አራተኛው ክፍል በጀማሪዎች ዘንድ ይዘለላል፣ ምክንያቱም ሐሳብ መስጠት ድፍረት ይመስላቸዋል።

የሒሳብ አያያዝ ትምህርቱን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ብቻ ልተውልዎ። ነገ ጠዋት ወደ ሌላ ክፍል፣ ለምሳሌ ወደ ቀዶ ሕክምና፣ ወደ ኩላሊት እጥበት ወይም ወደ ተመላላሽ ሕክምና፣ መልካም ኃላፊ ወዳለበት ቢዛወሩ የሒሳብ መዝገብ ይናፍቅዎታል? መልስዎ «አዎ» ከሆነ ያለ ሐፍረት ይሂዱ፤ ሙያ መቀየር ወንጀል አይደለም። «አይ» ከሆነ ግን መጀመሪያ የዝውውር ጥያቄ ያስገቡ። የዝውውር ማመልከቻ ገንዘብ አያስከፍልም፤ ሰውን ሸሽቶ የገቡበት ትምህርት ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም የሚያሳቅቅ የሥራ ባልደረባ በሒሳብ ክፍልም አይጠፋም።

ጥያቄ

«ጎን ለጎን የተኙት ሁለት ሕሙማን የመጀመሪያ ስማቸው አንድ ነበር። የአልጋ 6ን ኢንሱሊን ለአልጋ 7 ወጋሁት። ሲሪንጁን ሳልጥል ስለነቃሁ ወዲያው ለሐኪሙ ተናገርሁ፤ ስኳሩ በየጊዜው እየተለካ ግሉኮስ ተሰጠው፤ ያለ ጉዳት ወደ ቤቱ ሄደ። ሪፖርቱንም የጻፍሁት ራሴ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ባልደረቦቼ መድኃኒት ስቀዳ ከኋላዬ ቆመው ያዩኛል፤ እኔም አንዱን ብልቃጥ አምስት ጊዜ አነባለሁ። ከታማሚ አልጋ የሚያርቀኝን የጤና አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

የአልጋ 6 እና 7 ነርስ

መልስ

በመጀመሪያ ከስህተቱ በኋላ ያደረጉት ነገር ሁሉ ትክክል እንደነበር ልንገርዎ። ስህተቱን አልደበቁም፤ ለሐኪሙ የነገሩት ስኳሩ ከመውረዱ በፊት ነው፤ ሪፖርቱንም ሌላ ሰው እስኪጽፈው አልጠበቁም። ያ ታማሚ ለአደጋ የተጋለጠው በእርስዎ ስህተት ቢሆንም ያለ ጉዳት የሄደው በእርስዎ ፍጥነት ምክንያት ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን እያስታወሱ ሁለተኛውን መርሳት ፍትሐዊ አይደለም። ብልቃጡን አምስት ጊዜ ማንበብዎም የታወቀ ነገር ነው። አልበርት ዉ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 በጻፈው ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ባለሙያ «ሁለተኛው ተጎጂ» ብሎታል፤ የመጀመሪያው ተጎጂ ታማሚው ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ስህተቱን ተሸክሞ ወደ ሥራ የሚመለሰው ባለሙያ ነው። እንቅልፍ የሚነሳዎት ከሆነና ሳምንታት ካለፉት የሥነ ልቦና ባለሙያ ያነጋግሩ፤ ይህን የምመክረው ለመልካም ነርስ ነው።

አሁን የምጠይቅዎ፣ ከሪፖርቱ በኋላ በዋርዳችሁ ምን ተለወጠ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የታማሚ ደኅንነት ምክር፣ ማንኛውም መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ታማሚው ቢያንስ በሁለት መለያዎች እንዲረጋገጥ፣ የክፍል ቁጥርም ከመለያዎቹ እንዳይቆጠር ተናግሯል። የአልጋ ቁጥርም ከዚያ አይሻልም፤ ታማሚ አልጋ ይቀይራል። ሙሉ ስሙንና የካርድ ቁጥሩን ማመሳከር፣ ታማሚው መናገር ከቻለም «አቶ እገሌ ነዎት?» በማለት ፈንታ «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» ማለት ያስፈልጋል። የታመመና የደከመ ሰው ለመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ» ብሎ እንደሚመልስ ማናችንም ያየነው ነው። ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሕሙማን ጎን ለጎን ያስተኛው እርስዎ አይደሉም፤ በካርዳቸው ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት አለመኖሩም የእርስዎ ብቻ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ስህተቱ በሚገመገምበት ስብሰባ ላይ ለመገኘት ይጠይቁ፤ ሐሳብዎንም ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ ይዘው ይቅረቡ። ከኋላዎ ቆመው የሚያዩዎትንም «ኢንሱሊን ላይ ከእኔ ጋር ያመሳክሩልኝ» ብለው ይጋብዟቸው። ኢንሱሊን በሁለት ሰው መረጋገጡ በብዙ ሆስፒታሎች የተለመደ አሠራር ስለሆነ፣ ትናንት እንደ ሰላይ የቆመው ሰው ዛሬ ሥራው ላይ ይውላል።

ስለ ሁለተኛ ዲግሪው ያለኝ አስተያየት ይህ ነው። አስተዳደርን ከስህተት ለመራቅ ከመረጡት ተሳስተዋል፣ ምክንያቱም የዋርዶች ሁሉ የስህተት ሪፖርት በየጠዋቱ የሚከመረው በአስተዳዳሪዎች ጠረጴዛ ላይ ነው። የሕክምና ጥራትና የታማሚ ደኅንነት የሚባለው የትምህርት ዘርፍ ግን በእርስዎ ላይ የደረሰውን ነገር ከሥሩ የሚያጠና ነው፤ ወደዚያ የሚገባ ሰው ደግሞ የደረሰበትን ታሪክ ይዞ ቢገባ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። ያም ቢሆን በዚህ ዓመት አይመዝገቡ። መጀመሪያ ብልቃጡን አንድ ጊዜ አንብበው መቅዳት ይመለስልዎ።

ጥያቄ

«41 ዓመቴ ነው፤ በዲፕሎማ 18 ዓመት ሠርቻለሁ። አዲስ የሚመጡትን ባለ ዲግሪዎች መርፌ ከመውጋት ጀምሮ የማሠለጥናቸው እኔ ነኝ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አለቆቼ ይሆናሉ። የሁለት ፕሮግራሞችን ዝርዝር አያይዣለሁ። አንደኛው ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጥና በአንድ ዓመት የሚያልቅ፣ ሁለተኛው በሳምንት ሁለት ቀን የሚሰጥ ሦስት ዓመት የሚፈጅ ነው። በዚህ ዕድሜ መማር ያዋጣል?»

ነባሯ ዲፕሎማ

መልስ

ያዋጣል፤ ቢያንስ 15 ዓመት የሥራ ዕድሜ ከፊትዎ አለ። በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሊንዳ ኤይከንና የባልደረቦቿ ጥናት፣ በሆስፒታሉ ካሉት ነርሶች ውስጥ የባለ ዲግሪዎቹ ድርሻ በ10 በመቶ ሲጨምር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕሙማን የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ቀንሶ መገኘቱን አሳይቷል። አሠሪዎች ይህን የጥናቱን ክፍል መጥቀስ ይወዳሉ። ያው ጥናት በአንድ ነርስ ላይ አንድ ታማሚ በተጨመረ ቁጥር የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ መጨመሩንም ያሳያል፤ ይኼኛውን ሲጠቅሱ የሰማሁት ግን ጥቂት ነው። ዲግሪው እጅዎ የሚያውቀውን አይሰርዘውም። የ18 ዓመት ልምድዎ መመዘኛ ውስጥ የማይገባው ወረቀት ስለሌለው ስለሆነ፣ ወረቀቱን መጨመር ይገባዎታል።

ከመመዝገብዎ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ይያዙ። አንደኛው፣ የነርሶችን ፈቃድ የሚሰጠው አካል ፕሮግራሙን የሚቀበለው መሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሲመረቁ የሥራ መደብዎና ደመወዝዎ የሚቀየር መሆን አለመሆኑን የሚገልጽ የመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ነው፤ «ሲጨርሱ እናያለን» የሚል የቃል መልስ መልስ አይደለም። ለሥራ መርሐ ግብርዎም አስቀድመው ይደራደሩ። በሳምንት ሁለት ቋሚ የትምህርት ቀናት ያለው ሰው ተራው በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ በሁለተኛው ወር ያቋርጣል፤ ጎበዝ ተማሪዎች በዚሁ ምክንያት ሲወጡ አይቻለሁ። ለእርስዎ የሚከብደው የሕክምናው ትምህርት ሳይሆን የስታትስቲክስና የጥናት ጽሑፍ አጻጻፍ ይሆናልና፣ ትምህርቱ እስኪጀመር በሳምንት አንድ ታማሚ መርጠው የተደረገለትንና ምክንያቱን በአንድ ገጽ መጻፍ ይለማመዱ።

ካያያዟቸው ሁለቱ ፕሮግራሞች የአንድ ዓመቱ የተግባር ልምምድ ሰዓት የሚባል ነገር በዝርዝሩ ውስጥ የለውም፤ ይተዉት። የሦስት ዓመቱ የተግባር ሰዓቱን ጽፏል፤ ይሁንና አሁን በሚሠሩበት ዋርድ የሚውሉት ሰዓት ይቆጠርልዎት እንደሆነ አይናገርም። ለሬጅስትራሩ ቢሮ ይደውሉና ይህን ብቻ ይጠይቁ፤ የሚቆጠርልዎት ከሆነ በዚህ ወቅት ይመዝገቡ።