የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ያለበት ፊልም ለጠየቅኸው

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን «ሃይ ፊደሊቲ» አሳያቸው። ደብረ ማርቆስ ላይ ለጓደኞችህ የምታሳየው፣ ታሪኩ ሸክላ መሸጫ ውስጥ የሚያልፍ ፊልም ነው የፈለግኸው፤ ከዚህ የሚቀርብ አላውቅም።

ቦታው ቺካጎ ነው። ባለሱቁና ሁለቱ ሠራተኞቹ «አምስት ምርጥ» እያወጡ ሲከራከሩ ይውላሉ። አንድ አባት ለልጁ ልደት የስቲቪ ወንደርን ዘፈን ሊገዛ ሲመጣ፣ ሻጩ ምርጫውን አጣጥሎ የሚያባርርበትን ትዕይንት ልብ በል። የድሮ ካሴት ቤት ደንበኛ የነበረ ጎጃሜ ሁሉ ያን ሻጭ ያውቀዋል፤ ከገንዘብህ በፊት ጆሮህን የሚመዝን!

የአገር ቤት ዜማ ካማራችሁ የጂም ጃርሙሽን «ብሮክን ፍላወርስ» (2005) ጨምር። ሙዚቃ ቤት የለበትም፤ ነገር ግን ኢትዮጵያዊው ጎረቤት ለዋናው ገጸ ባሕርይ ሲዲ ይሰጠዋል፣ በጉዞውም የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ይከተለዋል።

አንድ ጥንቃቄ፦ የመጀመሪያው ፊልም ንግግር ፈጣን ስለሆነ ያለ ግርጌ ጽሑፍ ቀልዱ ያመልጣል። ከኢንተርኔት የሚወርደው ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቅጂው ጋር አይገጥምም፤ መጀመሪያ ላይ ደህና መስሎ መሃል ሲደርስ ከንግግሩ ወደ ኋላ ይቀራል። ሰው ከመጥራትህ በፊት የፊልሙን የመጨረሻ ክፍል ከፍተህ አረጋግጥ።