ባልሽ በመገጣጠሚያ ህመም ሥራ ሲያቅተው፦ ስለ ጤና ጉድለት ጡረታ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ባልሽ የግል ድርጅት ስቶር ውስጥ 13 ዓመት ሠርቷል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው ተብሎ መድኃኒት ጀምሯል፣ እጁም ጉልበቱም እምቢ ብሎታል፣ አለቃው ደግሞ "ካቃተህ ልቀቅና እረፍ" ይለዋል። አበል ይገኛል ወይ፣ እኔስ ሥራዬን ትቼ እሱን ሳስታምም የሚታሰብልኝ ነገር አለ ወይ ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ጎንደር ነኝ። የኔም ባለቤት ያው በሽታ ነው ያለበት፣ እሱም የግል ድርጅት ማሽን ላይ ነበር የሚሠራው። አሁን በጤና ጉድለት ወጥቶ አበል ይቀበላል። የማውቀውን ልንገርሽ፣ ረዘም ይላልና ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ከሁሉ በፊት የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዳይጽፍ። አደራ። አለቃው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፣ አዝኖለትም ሊሆን ይችላል። ግን ባልሽ በፈቃዱ ከለቀቀ ፋይሉ ላይ የሚቀረው "በፈቃዱ ለቀቀ" የሚለው ነው። ያገለገለበት ዘመን አይጠፋም፣ ጡረታውን ግን 60 ዓመት እስኪሞላው ጠብቅ ይባላል። በጤና ጉድለት ሲሰናበት ነገሩ ሌላ ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ለሥራ ብቁ አለመሆኑ በሐኪሞች ቦርድ ከተረጋገጠ፣ ዕድሜው ሳይደርስ የዕድሜ ልክ አበል ይጀመርለታል። 10 ዓመት ያልሞላው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው የሚያገኘው። ያንቺ ባል 13 ስላለው ከዚህኛው ወገን አይደለም።

እስከዚያው የህመም ፈቃዱን ይጠቀም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የህመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ነው፣ የሚቀጥሉት 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። ስለዚህ ቦርዱን ደመወዝ እየገባ ባለበት ጊዜ ጀምሩት። ብዙ ሰው ስድስቱ ወር ካለቀ በኋላ ነው የሚነቃው፣ ያኔ ደግሞ ኪስም ባዶ ነው፣ ድርጅቱም ሊያሰናብተው ተዘጋጅቷል።

ቦርድ እንዲታይ ድርጅቱ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ እንዲጽፍ ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ የሥራ መደቡ ብቻ ሳይሆን በቀን ምን እንደሚሠራ ይጻፍበት። "የስቶር ሠራተኛ" ብሎ ከሄደ ሐኪሙ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚመዘግብ ሰው ነው የሚመስለው። ካርቶን የሚያነሳ፣ መሰላል የሚወጣ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ከሆነ እንደዚያው ይጻፍ። የኔ ባል ደብዳቤ መጀመሪያ "ኦፕሬተር" ብቻ ይል ነበር። የሰው ኃይሏን ልጅ ለምነን ቫልቭ በእጅ ማዞር፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ የሌሊት ፈረቃ የሚሉት ተጨመሩበት። ቦርዱ ፊት ያ ደብዳቤ ከኤክስሬዩ እኩል ነው የሠራልን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የበሽታው ስም ብቻውን አበል አያመጣም። ሩማቶይድ ኖሮት በመድኃኒት ተረጋግቶ ሥራውን የሚሠራ ሰው ሞልቷል። ቦርዱ የሚያየው ይሄ ሰው የትኛውን ሥራ መሥራት አቃተው፣ ይሻለዋል ወይስ አይሻለውም የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ደግሞ የኛ ሰው ጠባይ ይመጣል። ሐኪሙ "እንዴት ነህ?" ሲለው ባሌ ምን ይላል መሰለሽ? "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ!" ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል አብጠው፣ ከባጃጅ ለመውረድ እኔና ሾፌሩ ደግፈነው፣ "ደህና ነኝ"። ሐኪሙም ካርዱ ላይ ለውጥ አለው ብሎ ይጽፋል። ሐኪሙን አልፈርድበትም፣ የሰማውን ነው የጻፈው። ሰው ፊት "አልችልም" ማለት ለባሌ ሞቱ ነው፣ ምን ላድርገው። የክትትል ካርዱ በሙሉ "ለውጥ አለው" እያለ ከተሞላ ግን ቦርዱ ላይ ስትቀርቡ ያ ነው የሚነበበው።

እኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ቤት ውስጥ ደብተር ይዤ የማየውን መጻፍ ጀመርኩ። ጠዋት ጣቶቹ ሳይፈቱ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ (የኔው ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ በክረምቱ ብርድ ይብሳል)። የሸሚዙን ቁልፍ ማን እንደሚቆልፍለት። የበሩን ቁልፍ ማዞር እንደማይችል። እንጀራ ቆርሶ መጠቅለል ስላቃተው እኔ እንደማጎርሰው፣ እንግዳ ሲመጣ ግን "ጾም ነኝ" ብሎ ማዕድ እንደማይቀርብ። መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ ስለማይችል ወንበር ቀደን እንዳስገባንለት። ይሄን በአንድ ገጽ አጠር አድርጌ በየቀጠሮው ለሐኪሙ እሰጠው ነበር። ባሌ መጀመሪያ ተቆጣኝ፣ "ገመናዬን አደባባይ አወጣሽው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ገመና ነው። ግን ካርዱ ላይ መጻፍ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አጋኚ አላልኩሽም። የሆነውን ብቻ ጻፊ፣ ቦርዱ ላይ ያሉት ሐኪሞች የሚያስመስለውን ከማያስመስለው ይለያሉ። የቦርዱ ዕለት ደግሞ ሱፍ አልብሰሽ፣ አበጥረሽ፣ እንደ ሠርገኛ አታቅርቢው። ንጹህ ይሁን፣ ግን ዘወትር በሚለብሰው ይሂድ። ከዘራ የሚይዝ ከሆነ ከዘራውን ቤት ትቶ እንዳይሄድ ተቆጣጠሪ፣ ይሄን ያደርጋሉ።

የቦርዱ ወረቀት ሲወጣ ቃሉን አይታችሁ ተቀበሉ። "ቀላል ሥራ ይሰጠው" የሚለውና "ለሥራ ብቁ አይደለም" የሚለው መንገዳቸው የተለያየ ነው። በመጀመሪያው ጡረታ አትጠይቁም፣ ድርጅቱ ሥራ እንዲያቀያይርለት ነው የምትጠይቁት። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳት ላለበት ሠራተኛ አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። እና እውነቱን ልንገርሽ፣ ባልሽ ተቀምጦ ሊሠራው የሚችል ነገር ድርጅቱ ውስጥ ካለ፣ ደመወዙ ቢቀንስ እንኳን ከጡረታው ይሻላችኋል። ሰው "አበል፣ አበል" ይላል እንጂ ሂሳቡን አይሠራውም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይወሰድና ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ይሰላል፣ ከ10 በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ለምሳሌ የባልሽ አማካይ ደመወዝ 8,000 ብር ቢሆን፣ 13 ዓመት 33.75 በመቶ ነውና በወር 2,700 ብር ይመጣል። በዛሬ ኑሮ ጤፍ እንኳን አይገዛም ትይኝ ይሆናል። አዎ፣ ግን የዕድሜ ልክ ነው፣ እሱ ቢያልፍም ለሚስትና ለልጆች የሚተላለፍ ድርሻ አለው። "ደመወዝ" ሲባልም መደበኛ ደመወዙ ነው፣ የትራንስፖርትና የትርፍ ሰዓት ብር አይገባበትም። ከቀድሞ ሥራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግሎት ካለው ይደመርለታል፣ ማስረጃውን አሁኑኑ ፈልጉ። የግል ድርጅት ጡረታ የተጀመረው ግን በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው (አሁን 1268/2014 ተክቶታል)፣ ስለዚህ ፕሮቪደንት ፈንድ (ድርጅቱና ሠራተኛው አብረው የሚያጠራቅሙት ገንዘብ) ሳይኖረው ከዚያ በፊት በግል ድርጅት የሠራው ዘመን አይቆጠርለትም። የኔ ባል ይሄን ሲሰማ ቀኑን ሙሉ አልተናገረም።

አበሉ የሚታሰበው በተመዘገበው ልክ ነውና እሱንም አጣሩ። ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ይጨምራል፣ ሁለቱም ወደ ጡረታ ፈንዱ መግባት አለባቸው። ከሠራተኛው ቆርጦ ሳያስገባ የሚከርም አሠሪ አለ፣ ደመወዙን አሳንሶ የሚያስመዘግብም አለ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ጋ የጡረታ መለያ ቁጥሩን ይዛችሁ ስንት ዓመትና በስንት ብር እንደተመዘገበ ጠይቁ። ሲቀጠር የሞላው ፎርም ላይ ያለው ስምና የልደት ዘመን ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። የአያት ስም በአንዱ "ገ/ማርያም" በሌላው "ገብረማርያም" ሆኖ ሰው ሲንገላታ አይቻለሁ። የጋብቻ ማስረጃችሁን ካላወጣችሁም አውጡ፣ ዛሬ ባያስፈልግ ነገ ያስፈልጋል። ውሳኔው ካልተዋጠላችሁ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ ይግባኝ ይባላል፣ ቀነ ገደብ ስላለው ደብዳቤው የደረሳችሁን ቀን ጻፉት።

አንዳንዱ "የሥራ ላይ ጉዳት በሉት፣ የሱ ይበልጣል" ይላችኋል። እውነት ነው፣ የሥራ ላይ ጉዳት ጡረታ ከደመወዙ 47 በመቶ ነው። ግን ሩማቶይድ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው፣ ከስቶር የመጣ አይደለም። ለዚህ ብላችሁ ፋይሉን አታጓትቱ።

ያንቺን ነገር በተመለከተ ደስ የሚል ወሬ የለኝም። ለአስታማሚ የሚከፈል አበል በጡረታ ሕጋችን የለም። ሚስት ስትሆኚ ማስታመም ግዴታሽ ተደርጎ ነው የሚታየው፣ ይሄ እኔን ሁልጊዜ ያናድደኛል። ሥራሽን ከመልቀቅሽ በፊት ግን ቀመሩን ድጋሚ እይው። 2,700 ብር ያንቺን ደመወዝ አይተካም። እኔ ሙሉ ቀን የነበረውን ሥራዬን ትቼ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ፣ ጠዋት እሱን አስነስቼ፣ አልብሼ፣ ከዚያ ነው የምጀምረው። ኑሯችሁ በጣም ከከበደ ደግሞ ቀበሌ ሄደሽ የከተማ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍን ጠይቂ፣ መሥራት ለማይችል ሰው ላለበት ችግረኛ ቤተሰብ የሚሰጥ ነው። የሚመረጠው በቀበሌው ኮሚቴ ነው፣ ምዝገባ መቼ እንደሆነ ጆሮሽን ጣል አድርጊ።

አበል ሲጀምር የድርጅቱ ሕክምና ይቆማልና የጤና መድን ነገር ቀድማችሁ አስቡበት። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከገባችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳታጽፉ ወደ ትልቁ ሆስፒታል አትሂዱ፣ ከኪስ ነው የምትከፍሉት። መድኃኒቱ ሜቶትሬክሴት ከሆነ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚወሰደው። በየቀኑ የወሰደ ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል፣ ቀኑን ግድግዳ ላይ ጽፈሽ ለጥፊ። የደም ምርመራው አይታለፍ፣ አረቄም ይቅር። ጠበሉንም እንጠመቃለን፣ ክኒኑን ግን አናቋርጥም፣ የንስሐ አባታችንም እንደዚሁ ነው ያሉን። ፊዚዮቴራፒም ጠይቁ፣ የኔ ባል ማንኪያው እጀታ ላይ ጨርቅ ጠምጥመንለት በራሱ መብላት የቻለው ከነሱ ተምረን ነው።

አንድ የረሳሁት፣ ውክልና አሰጪው። ጣቱ እየባሰ ሲሄድ ፊርማው ይለወጣል፣ ባንክ "ፊርማው አይመሳሰልም" ብሎ ይመልሳችኋል። አሁን መፈረም በሚችልበት ጊዜ ለጡረታውም ለባንኩም የሚሆን ውክልና ይስጥሽ።

በዚህ ሳምንት ግን ቦርድ ይታይልን የሚለውን ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ጽፋችሁ ለድርጅቱ አስገቡ፣ አንዱ ላይ ቀንና ማህተም አስመትታችሁ ያዙ። አለቃው እንደገና ልቀቅ ካለው "ቦርድ እየጠበቅኩ ነው" ይበል፣ ሌላ ነገር አይጨምር። የሥራ መደቡንና የህመም ፈቃዱ መቼ እንደጀመረ ከነገርሽኝ ማመልከቻውን አብረን እናረቅቀዋለን።