አባል ሳይሆኑ የሚጫወቱባቸው ውብ የጎልፍ ሜዳዎች

ወንድሜ፣ «ውጭ አገር አባል ሳልሆን የምጫወትበት፣ እይታው የሚያምር የጎልፍ ሜዳ የቱ ነው?» ላልከው፣ እኔ የማስቀድመው ካሊፎርኒያ የሚገኘውን ፔብል ቢችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የተከፈተ ሲሆን ከፍሎ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው፤ ክፍያው ግን እጅግ ውድ ነው። 7ኛው ጉድጓድ ከመነሻው ያለው ርቀት 100 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ኳሱን ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል ወደ ውቅያኖሱ ዳር ትመታለህ። ነፋስ በሌለበት ቀን ቀላል ይመስላል፤ ከባሕሩ ሲነፍስ ግን ጎበዝ ተጫዋቾች እንኳ የትኛውን የመምቻ ዱላ እንደሚመርጡ ግራ ይገባቸዋል። 8ኛው ላይ ደግሞ ሁለተኛው ምት ገደል ተሻግሮ ማረፍ አለበት። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ምት የለም!

ስኮትላንድ ከሄድክ የሴንት አንድሩስን ኦልድ ኮርስ ሞክር። የሕዝብ ንብረት ነው፤ ተራ የሚገኝበት አንዱ መንገድ ዕጣ ነው። እሑድ እንዳትሄድ፣ በዚያን ቀን በአብዛኛው ጨዋታ የለም፤ ሰዉ በእግሩ ይንሸራሸርበታል። ተራራ ከወደድክ ካናዳ ውስጥ የባንፍ ጎልፍ ሜዳ አለልህ።

የሳይፕረስ ፖይንት ፎቶ ግን አያጓጓህ። ለፔብል ቢች ጎረቤት ነው፣ ውበቱም ልብ ይሰርቃል፤ ነገር ግን የግል ክለብ ስለሆነ አባል ካልጋበዘህ አትገባም።